እንጠብቅሻለን

ጥቅምት 6 ቀን

ጭምቴ፣

ሰላምታውን ትንሽ ላቆየውና መጀመሪያ የጎረቤታችንን የሹፌሩን ጤና ልንገርህ፤ "እሱን አስቀድመሽ ጻፊልኝ" ያልከኝ አንተው ነህ። ተርፏል። ከኩላሊቱ ያወጡለትን ጠጠር በብልቃጥ አድርገው ሰጥተውት ለጠያቂ ሁሉ እያወጣ ያሳያል። ሚስቱ "ኧረ ሰው ሻይ እየጠጣ ነው፣ ክተተው!" ስትለው፣ "ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቼ የተረፈኝ ይኸው ነው፣ ተይኝ ላሳይበት" ይላታል። ትልቋ ልጁ ባሏንና መንታዎቹን ይዛ መጥታ ሰነበተች። ታናሺቱም ከሥራ ተፈቅዶላት መጣች። ግድግዳችን እንደምታውቀው ስስ ነው፤ እነሱ ሲስቁ እኔ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል። አንድ ቀን እንዲያውም ሳላስበው አብሬያቸው ከት ብዬ ሳቅሁ። ቀልዱን ግን አልሰማሁትም ነበር። ትናንት ሁሉም ወደየመጡበት ተመለሱ፤ አሁን እነሱ ቤትም እኔ ቤትም ጭጭ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጉልበቴ ጠይቀኸኛል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚተኩስ ሰው ጉልበት ምን ይሆናል ብለህ ነው? ቆሞ የሚተኩስ ስልህ ደግሞ ደብዳቤዬን አጠገብህ ሆኖ የሚያይ ሰው ካለ ወታደር እንዳያደርገኝ፣ የሆቴል አንሶላ ነው የምተኩሰው በለው። ማታ ማታ ስሙን ያስጠራል እንጂ ጉልበቴ ሌላ ክፋት የለውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ፈቃዴ ተፈቀደ! ስጠይቀው አለቃችን መነጽሩን አውልቆ አየኝ።

"ታመሻል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል?"

"ባሕር ልሄድ ነው።"

"ባሕር ሄደሽ ምን ልትሠሪ?"

"ልቀመጥ" አልኩት። መተኮሻ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይሳቁ። ከባሕር የሚመለሱ እንግዶች ሱሪ እኛ ጋ ሲመጣ ኪሱን የምገለብጠው እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ አሸዋ ይወጣዋል። ደቃቅና ነጭ ነው፣ ሲያዩት ስኳር ይመስላል። እስከ ዛሬ የሰው አሸዋ ሳራግፍ ኖሬያለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ የራሴን ላራግፍ።

ሌላም አለ፤ ዋናው እሱ ነው። ጄኔሬተሩንና የውኃ ማሞቂያውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ነው። እኔም ቶሎ ብዬ "ወንድሜ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፣ ሞተር እንደ ሰው ያናግራል" አልኩት አለቃችንን። "ከፈቃድሽ ስትመለሺ ይዘሽው ነይ፣ እስከዚያ ሰው አልቀጥርም" አለኝ። እንግዲህ ዕቅዴ ይኸው ነው፦ ብቻዬን እመጣለሁ፣ ባሕሩን አብረን እናያለን፣ ሁለት ሆነን እንመለሳለን። ክፍልህን ውኃ ሰማያዊ አስቀብቼዋለሁ። መጋረጃውንም ለወጥኩት። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በሩን ከፈት አድርጌ አየት አደርገዋለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ "ሁለት ነን" እያልን ነበር የኖርነው፤ አንተ ስትሄድ አንድ አንድ ሆንን።

በል እዚያ ምን ምን እንደሚታይ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። ስንቅና ጫማ የማዘጋጀው እሱን አይቼ ነው።

እህትህ

* * *

ጥቅምት 24 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሹፌሩን እንኳን ተረፍክ በይልኝ። እኔ ብዙ መጻፍ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ዘርዝር ስላልሽኝ ግን ልሞክር።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ረጅም አሸዋማ ዳርቻ አለ። ጠዋት ሰው የለበትም። እንዳልሽው እንደ ስኳር ነው። ከዳርቻው ጫፍ ገደሉን ተከትሎ የሚወጣ የእግር መንገድ አለ፤ ዳገቱ መጀመሪያው ላይ ነው፣ ከዚያ ሜዳ ነው፣ ለጉልበትሽ ቀስ እንላለን። ከላይ ሆነው ሲያዩት ባሕሩ ሁለት ቀለም ነው፤ ቀለሙ የሚለወጥበት ቦታ ጥልቁ የሚጀምርበት ነው። ከገደሉ ፊት ለፊት የወፎች ደሴት አለች። ወፎቹ ዕንቁላል ላይ ሲቀመጡ መውረድ ክልክል ስለሆነ በጀልባ ዙሪያውን እንዞራለን። ሽታው ከባድ ነው፣ መሐረብ ያዢ።

መጥለቅም አለ። መጀመሪያ ጆሮ ይደፈናል፤ አፍንጫን ይዞ እፍ ሲሉ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የራስ ትንፋሽ እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ኮራሉ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው። በመሐሉ ትንንሽ ብርቱካንማ ዓሦች አሉ፤ ጣት ሲዘረጋላቸው ሁሉም ባንዴ ይገባሉ፣ ጣቱ ዝም ካለ ደግሞ አንድ ደፋር ቀድሞ ይወጣል። አንዲት ትልቅ ኤሊ አለች፣ ቅርፊቷ ጥግ ላይ የተሸረፈ፣ ሰው አትፈራም።

በኅዳር ግን አትምጪ። ነፋሱ ይበረታል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ጀልባም አይወጣም። ጥር ይሻላል። ስለ ሥራው አስቤ እጽፍልሻለሁ፤ አለቃሽን አመስግኚልኝ። ቁርጡን ቀን አሳውቂኝ፤ እንጠብቅሻለን።

ወንድምሽ

* * *

ኅዳር 9 ቀን

ጭምቴ፣

ጥር ካልክ ጥር ይሁን። አለቃችን ትንሽ አጉረመረመ፤ ሽማግሌው ግን "ለእሷ ስል ትንሽ እቆያለሁ" ብለው ጡረታቸውን ገፉልኝ። ይባረኩ። የሸሚዛቸውን ኮሌታ በነፃ ነው የምተኩስላቸው፣ ውለታዬን እየመለሱ ነው።

የዋና ልብስ ገዛሽ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን ልንገርህ። ታሪኩን ስማ። ያቺን የሆቴላችንን የሸሚዝ ቁልፍ ሰፊ ባልደረባዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ከመስቀያው አንድ ነገር አውርዶ ሰጠኝ፤ እኔ የልጅ መስሎኝ "አይ፣ ለራሴ ነው" አልኩት። "እሱማ ለእርስዎ ነው፣ እማማ፣ ይለጠጣል" አይለኝም? ይለጠጣል ማለቱን ይቅር ልበለው፣ እማማ ያለኝን ግን መቼም አልረሳለትም። ቁልፍ ሰፊዋ ሳቋ ይዟት ሱቁ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትቼው ወጣሁ። ጥቁር ቀሚስ እስከ ጉልበቴ፣ እጅጌ ያለው፣ ራሴ ሰፍቻለሁ። ዓሦቹም ያክብሩኝ እንጂ።

ስለ መጥለቁ አልወሰንኩም። ፀሐይም ትጠልቃለች፣ እሷ ግን በማግስቱ መውጣቷን የለመደች ናት። እኔን ማን ያወጣኛል? ለገደሉ መንገድ ጫማ አግኝቻለሁ፤ የሹፌሩ ሚስት ሰጠችኝ፣ ከፊቱ ጥጥ ስጎሰጉስበት ልክ ሆነ። መሐረብም አዘጋጅቻለሁ።

ደብዳቤህን ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ዓሦቹ ስትጽፍ ሁሉም ማኘክ አቆሙ። መጨረሻው ላይ ቁልፍ ሰፊዋ "ቆይ፣ ቆይ፣ ድገሚው" አለችኝ።

"የቱን?"

"የመጨረሻውን። ማነው 'እንጠብቅሻለን' የሚለው? ወንድምሽ አንድ አይደል እንዴ?"

"የሚሠራበት ጋራዥ ሰዎች ይሆናሉ። ደግሞ አነጋገር ነው።"

"አነጋገር አይደለም። ብቻውን ያለ ሰው 'ን' አይጽፍም። አንቺ እስቲ 'እንጠብቅሃለን' ብለሽ ጽፈሽለት ታውቂያለሽ?"

እውነቷን ነው፣ እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው "እጠብቅሃለሁ" ነው። ይህን ስላት ጎኔን ቸብ አድርጋ ወደ ክሯ ተመለሰች። ነገረኛ ናት፣ ታውቃታለህ። እስቲ ማን ማን እንደሆናችሁ ጻፍልኝና ላሳፍራት።

እህትህ

* * *

ኅዳር 26 ቀን

እታለም፣

የሥራ ባልደረባሽ የጠየቀችው ነገር የሚያስጠይቅ አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ ብዙ ነን፤ የእኔ እህት ልትመጣ ነው ስላቸው ሁሉም ደስ አላቸው፣ ስለዚህ እንጠብቅሻለን አልኩ። አከራዬም ብትሆን ደግ ሴት ናት፤ አንቺን ለማየት ጓጉታለች፣ ስጽፍ እሷንም ማሰቤ ይሆናል። በዚያ ላይ እጄ ዘይት ነበረው፤ ስጽፍ ቸኩዬ ስለነበር ን መጨመሬንም አላስተዋልኩም። እንደዚህ ያለ የእጅ ስሕተት በማንም ሰው ላይ ይደርሳል። አንድ ሰው ስለ ራሱ በብዙ ቁጥር ቢናገርም ነውር የለውም፤ ትልልቅ ሰዎች እንዲያውም እንደዚያ ነው የሚናገሩት። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ ማለቴ አይደለም። ነገሩን ለማስረዳት ያህል ነው። ባልደረባሽ ሌላ ነገር እንዳታስብ ይህን አንብቢላት።

ጥር ላይ ጀልባዋ ለጥገና ከውኃ እንደምትወጣ አሁን ሰማሁ። ያለ ጀልባ ደሴቱም የለም፣ መጥለቁም የለም። የካቲት ብናደርገው ምን ይመስልሻል? ስለ ሥራው እያሰብኩ ነው።

ለሹፌሩ ቤት ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ

* * *

ታኅሣሥ 12 ቀን

ጭምቴ፣

ያንተን ደብዳቤ ምሳ ሰዓት ላይ አላነበብኩም። ለብቻዬ ነው ያነበብኩት፣ ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

እግርህ የተሰበረ ጊዜ "እግሬ ተሰብሮ ነበር፣ አሁን ድኗል" ብለህ በአንድ መስመር የጻፍክልኝ ሰው ለአንዲት ን ሙሉ ገጽ ማስተባበያ ጻፍክልኝ። መጀመሪያ የጋራዡ ሰዎች ናቸው አልክ፣ ከዚያ አከራይህ ናት፣ ከዚያ ዘይቱ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ብትጽፍ ኖሮ አምንህ ነበር። ውሸት አልተማርክም፤ ያላስተማርኩህም እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ዝናብ ያቆረው ውኃ ፈርተህ ትምህርት ቤት ድረስ በጀርባዬ አዝዬህ ነበር የማሻግርህ። ፊትህን ስትታጠብ እንኳ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ሊሰቅሉት የመጡበት ሰው መስለህ ነበር። ታዲያ ጆሮ መደፈኑን ማን ነገረህ? ቀድሞ የሚወጣውን ደፋር ዓሣ ማን አሳየህ? የኤሊዋን ሽራፊ ወርዶ ያላየ ሰው አያውቀውም። አንዴ የተነገረህም ነገር አይደለም፤ ደጋግሞ ያወራልህ ሰው አለ፣ አንተም ደጋግመህ ሰምተሃል። ቁጭ ብላችሁ፣ ምናልባት ራት በልታችሁ።

ሴት ናት?

አልቆጣህም። ፈቃዴንም ወደ የካቲት አዛውሬዋለሁ። አለቃችን "ባሕሩ ይጠብቅሻል፣ ሥራው ግን አይጠብቅም፣ ይኼ የመጨረሻ ነው" ብሎኛል። ብቻ አንተ ንገረኝ። ከማላውቀው ነገር ጋር ብቻዬን አታስቀምጠኝ፤ ብቻዬን መቀመጡን ለምጄዋለሁ፣ ይህን ግን አልለመድኩትም።

እህትህ

* * *

ታኅሣሥ 28 ቀን

እታለም፣

አግብቻለሁ። ካገባሁም ቆየሁ። ድግስ አልነበረም፤ አንቺ በሌለሽበት ድግስ ምን ያደርግልኛል ብዬ እምቢ አልኩ።

ጠላቂ ናት። እንግዶችን ይዛ ባሕር ሥር የምትወርድ። የፊተኛው ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ ይዛ ነበር፤ ልጅቱን ሚጢጢ እንላታለን። አንድ ቀን ጋራዥ ምሳ ስታመጣልኝ "አባዬ" አለችኝ። በይ ያላት ሰው የለም።

ለምን ደበቅከኝ ብትይኝ፣ ለመንገር ቁጭ ባልኩ ቁጥር ያንቺ ደብዳቤ ይመጣል። ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተለውጧል፣ ሥራ ተገኝቷል። ቀለሙ ይድረቅና እነግራታለሁ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። ነፋሱም፣ ጀልባዋም፣ ሁሉም እውነት አልነበረም። ጥር ከሁሉ የተሻለው ወር ነው።

ከዚህ በታች ያለውን የምትጽፈው እሷ ናት። እንዳላነበው ከልክላኛለች።

ወንድምሽ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። "ን" ማለት እኔ ነኝ። ሳያውቁኝ ስላስቀየምኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ እግሬን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ "እታለም እንዲህ ነበር የምታደርገኝ" ይለኛል፤ ስለዚህ እኔ እርስዎን ካወቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ይምጡልን። ውኃውን አይፍሩት፣ እጅዎን አልለቅም።

* * *

ጥር 20 ቀን

ጭምቴ፣

ዘገየሁብህ። ታምሜ አይደለም። የሹፌሩም ቤት ደህና ነው። ብዕር አንስቼ "እንኳን ደስ ያለህ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አጣለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። አንሶላም አንዴ ካረረ መልሰህ ብትተኩሰው ምልክቱ አይለቅም፤ የመጀመሪያዋን ቃል ሳላሳርር ልጻፍ ብዬ ነው የቆየሁት።

እንኳን ደስ ያለህ። ከልቤ ነው። ለባለቤትህም ይቅርታው የእኔ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ንገራት። እጅ ጽሕፈቷ ካንተ ያምራል።

ቁልፍ ሰፊዋ "ን ማን ሆነች?" ብላ ስትጠይቀኝ "የጋራዡ ሰዎች ናቸው" አልኳት። አየህ፣ ውሸትህን እንኳ ተጋራሁህ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ማግባትህን አንዴ ከተናገርኩት እውነት ይሆናል ብዬ ይሆናል።

አሁን ደግሞ የማስበውን ስማኝ። ክፍሉ ለሦስት ሰው አይጠብም። አናጢውን ጠይቄዋለሁ፣ አልጋውን አሰፋዋለሁ፣ ለልጅቱም ከመስኮቱ ሥር ትንሽ አልጋ አበጃለሁ ብሎኛል። ትምህርት ቤቱ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ለባለቤትህም ቢሆን ሆቴላችን የዋና ገንዳ አለው፤ ጥልቅ አይደለም፣ ግን ውኃ ውኃ ነው። ሥራው እስከ የካቲት መጨረሻ ያንተ ነው። አዎ ወይም አይ ብለህ በደብዳቤ እንዳትመልስልኝ። መጥቼ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፣ እጠይቅሃለሁ።

የካቲት 8 እነሳለሁ። ለሚጢጢ ከተረፈ የሐር ጨርቅ ፀጉር ማሰሪያ ሰፍቻለሁ። ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ ስላላወቅሁ ከሁሉም አደረግሁት።

እህትህ

* * *

የካቲት 23 ቀን

እታለም፣

በሰላም መግባትሽን አልጻፍሽልንም። "ሥራ ጠርቶኛል" ብለሽ ሦስት ቀን እየቀረሽ ተነሳሽ። እኛ ቤት ስልክ አልተደወለ፣ ደብዳቤ አልመጣ። ማን ጠራሽ? ባለቤቴ ያስቀየምኳት ነገር አለ እያለች ምግብ አልበላ ብላለች። ሚጢጢ ፀጉር ማሰሪያዋን አላወልቅም ብላ አስቸግራለች፣ ተኝታም አታወልቀውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ልትጠይቂኝ መጥተሽ ሳትጠይቂኝ ሄድሽ። በገደሉም መንገድ ጠበቅሁ፣ በጀልባም ላይ ጠበቅሁ። እታለም፣ ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያታለሁ። እሷ "ካለች እንሄዳለና" ብላ የጉዞ ከረጢቷን አጥባ አስጥታ ነበር።

ምን ሆነሽ ነው?

ወንድምሽ

* * *

መጋቢት 4 ቀን

ጭምቴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ከተነሳንበት እስከምንደርስ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ስለነበር ብቻዬን ነኝ አላልኩም። ሲወርድ እንኳ ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም ቅር አላለኝም።

ለባለቤትህ አሁኑኑ ንገራት፤ ምግብ ትብላ። ማንም አላስቀየመኝም። አልጋችሁን ለቃችሁልኝ ሁለታችሁ መሬት መተኛታችሁ ብቻ ነው ያናደደኝ። እጅዎን አልለቅም ብላ ፊቴን ውኃ ውስጥ ያስነከረችኝን ቀን በምን ቃል ልንገራት? እኛ ቤት ባለቀለም ሸሚዞች ሲዘፈዘፉ ቀና ብለው የሚንሳፈፉትን አስብና፣ ዓሦቹን ልክ እንደዚያ፣ ነፍስ ዘርተው ሲሯሯጡ ነው ያየኋቸው። በመተንፈሻው ውስጥ "ኧረ በስመ አብ!" ብዬ ጮኼ የጨው ውኃ ጠጣሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እዚህ ያለው ውኃ ሁሉ ባዶ ይመስለኛል።

ደሴቱንም አልረሳውም፣ ሽታውንም። የገደሉ መንገድ ላይ ጉልበቴ ስሙን ሲያስጠራ እናንተ ቀድማችሁ፣ ሚጢጢ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ቀረች። እጄን ይዛ "አክስቴ፣ አንቺ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?" አለችኝ። "ከጎረቤቶቼ ጋር" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እነሱ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" አለች። "እርስ በርሳቸው" አልኳት። ከዚያ ስለ ወፎቹ ማውራት ጀመርን።

ማን ጠራሽ ላልከኝ፣ ማንም አልጠራኝም። ባለቤትህ እንግዶቹን ይዛ የወረደች ቀን ዳርቻው ላይ ነበርን፣ አንተና እኔ። ሚጢጢ ራቅ ብላ አሸዋ ትቆፍራለች። ከመጣሁ ጀምሮ ብቻችንን ስንሆን ያ የመጀመሪያው ነበር፤ አሁን ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። አንተ ግን ብድግ ብለህ ውኃው ውስጥ ገባህ። አንተ! እስከ ወገብህ። ሞገዱ እየገፋህ፣ ሁለት እጅህን ወደ ላይ አንስተህ ቆምክ። "ጭምቴ" ብዬ ጠራሁህ። ዞር ሳትል "ቆይ እታለም፣ አረፋዋን እያየሁ ነው" አልከኝ። እኔ የጠላቂ ትንፋሽ የሚያወጣው አረፋ ጨርሶ አልታየኝም፤ ስንት ሰው ነው የወረደው፣ የእሷን ከሌላው በምን እንደምትለየው እንጃ። በኋላ ጭንቅላቷ ብቅ ሲል ትከሻህ ወረድ አለ፤ ለካ ትንፋሽህን ይዘህ ነበር። ፊትህን አየሁት። አሳድጌሃለሁ፣ ስታለቅስም ስትስቅም ስትዋሽም አውቅሃለሁ። ያን ፊት ግን አላውቀውም፤ እኔ ዘንድ አንድም ቀን ይዘኸው አልመጣህም።

እሺ እንደምትለኝ ደግሞ አውቅ ነበር። እምቢ ብለኸኝ አታውቅማ። አንተ እሺ ብለህ፣ እሷን የሆቴል ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ፣ አንተን ከጄኔሬተሩ ጎን አቁሜ፣ ከዚያ ምን ልሆን? ስለዚህ አልጠየቅሁህም። ሦስቱን ቀን ብጨምር ግን አፌ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። ሥራ ጠርቶኛል አልኩ። መዋሸት ካንተ ተማርኩ ማለት ነው። የጉዞ ከረጢቱን እጠፉት፣ አደራ፣ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል።

ለአለቃችን "ሰው ቅጠር" አልኩት። "ወንድምሽ አልተስማማም?" አለኝ። "ሥራ አለው" አልኩት። የሽማግሌው የእህት ልጅ ገባበት፤ ጎበዝ ይመስላል፣ ሞተሩን ግን አያናግረውም፣ ይቆጣዋል።

ሰው ሁሉ ሊጠይቀኝ እየመጣ ነው፣ የታመምኩ ይመስል። መጀመሪያ ቁልፍ ሰፊዋ መጣች፣ ዳቦ ይዛ። እንደተቀመጠች "በቀሚስሽ ነው የጠለቅሽው?" አለች። "በቀሚሴ።" "እጅጌውን እንኳ አልቆረጥሽም?" "አልቆረጥኩም።" ስትስቅ ቆይታ፣ "ን ቆንጆ ናት?" አለችኝ ቀስ ብላ። ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ኖሯል። "ቆንጆ ናት፣ እጇም ጠንካራ ነው" አልኳት። ብርጭቆዎቹን አጥባ ሄደች።

ዛሬ ደግሞ ሹፌሩና ሚስቱ መጡ። እሱ ምርኩዙን ይዞ ነው፤ ከታመመ ወዲህ ከበራቸው እስከ እኔ በር የመጀመሪያ ጉዞው መሆኑ ነው፣ ሲገባ "መናኸሪያ ደርሰናል፣ ውረዱ!" አለ። ሚስቱ "እንዴት ጠቁረሻል፣ ግን ደስ ይላል" አለችኝ። ስለ ኤሊዋ ነገርኳቸው፣ ስለ ወፎቹም፣ ሹፌሩ "እዚያ ድረስ አውቶቡስ ይገባል?" ብሎ የመንገዱን ጠመዝማዛ ሁሉ ጠየቀኝ። ከዚያ ዙሪያውን አየና "ታዲያ ወንድምሽስ የት አለ? ይዘሽው ትመጫለሽ ብለን አልነበር?" አለኝ።

"ቤቱ ነው" አልኩት።

እሱም ወደ ክፍልህ በር ዞሮ፣ በዚያ ተሳፋሪ በሚጠራበት ድምፁ፣ "አንተ ጭምቱ! ተነስና ሰው ሰላም በል እንጂ፣ እስካሁን ትተኛለህ?" ብሎ ጮኸ። መልስ ሲጠብቅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ሊደግመው አፉን ሲከፍት ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"ቤቱ ነው እኮ ያለችህ" አለችው።